በአንድ ሌሊት የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ

ፍትሐቱ ተደርጎ አስከሬኑ መቃብር ከመውረዱ በፊት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት ነው የሚጻፈው። በጥድፊያው መሀል የሚቀረው ደግሞ ሰውየው ራሱ ነው። የትውልድ ቦታው፣ ትምህርቱና የሥራ መደቡ ይገባሉ፤ ይወደው የነበረው ነገርና ወዳጆቹ ግን «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» በምትል አንዲት መስመር ይታለፋሉ። ያቺ መስመር ለሁሉም ሟች ስለተነበበች ማንንም አታስታውስም።

ሥራውን ለሁለት ተካፈሉት። አንዱ መረጃውን ይሰብስብ፣ ሌላው ወዳጆችን ያነጋግር።

መረጃ ሰብሳቢው ፓስፖርትና መታወቂያ ላይ ይጠንቀቅ። ሚያዝያ 1942 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፓስፖርቱ 1950 ይላል፤ እንዳለ ከተገለበጠ ሰውየው 8 ዓመት ወጣት ይሆናል። ልደቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8። የትውልድ ቦታውን በዘመኑ ስሙ ጻፉት፤ በንጉሡ ጊዜ ለተወለደ ሰው ጠቅላይ ግዛቱንና አውራጃውን። የክርስትና ስሙን አስቀድማችሁ ያዙ፣ ለፍትሐቱ ካህናቱ ይጠይቃሉ። የልጆች ስም በዕድሜ ቅደም ተከተል ይግባ፣ ከሌላ ትዳር የተወለደም ቢሆን። የተዘለለ ልጅ ስም ቀብር ላይ የሚያስነሳው ቅሬታ ለዓመታት አይበርድም፤ ስለዚህ ረቂቁን ባለቤቱና የቤተሰቡ ታላቅ ሳይሰሙት አይታተም።

ወዳጆችን ማነጋገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ቢያንስ አራት ሰው ፈልጉ፦ አብሮ አደግ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት ወይም የእድር ሰው፣ የጽዋ ማኅበርተኛ። ድንኳን ውስጥ አይሆንም፤ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ወሬው ይቋረጣል። አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ወይም ወደ አጥር ጥግ ወስዳችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አጫውቷቸው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁም በስልክ ቅዱት። ውጭ አገር ያለ ጓደኛ ድምፁን በቴሌግራም ይላክ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት «ደግ ነበሩ» የሚል መልስ ነው። ይልቅ ቅዳሜ ከሰዓት የት ይገኙ እንደነበር፣ በምን ይከራከሩ እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገናኙ እጃቸው ላይ ምን እንደነበር ጠይቁ። ለምሳሌ «ጨዋታ ይወዱ ነበር» የሚለው ረቂቅ ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ በኋላ እንዲህ ይሆናል፦ «እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳቸው ላይ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ሰሌዳው የካርቶን ክዳን፣ ጠጠሩ ቆርኪ ነው። ንጉሥ የሆነውን ቆርኪ ሲገለብጡ ድምፃቸው እስከ በር ይሰማል፤ ሲሸነፉ ግን ቆርኪዎቹን ቆጥረው ወደ ጣሳው ይመልሷቸዋል።» ይህን የሰማ ጎረቤት ሰውየውን ያያቸዋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፀሐይ ላይ የቆመው ሕዝብ ይደክማል።

አንቱታውን ከመጀመሪያው ወስኑ። «ተወለደ» ብሎ ጀምሮ «አረፉ» ብሎ መጨረስ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው ሲጽፈው ያጋጥማል። ስለሆነም የመጨረሻውን ቅጂ አንድ ሰው ብቻ ያስተካክለው።

ርዝመቱ ከ350 እስከ 400 ቃል ይሁን፣ ዝግ ብሎ ለሚያነብ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ፊደሉን 16 አድርጋችሁ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ አትሙ፤ በንፋስ የሚገለባበጥ ወረቀት አንባቢን ያደናግራል። ልጅ አያንብበው፣ እንባ ይቀድመዋል። ድምፁ የሚሰማ ወዳጅ ያንብብ፤ ሁለተኛ ቅጂ የያዘ ሰውም አጠገቡ ይቁም፣ ሳግ ከያዘው ካቆመበት እንዲቀጥል።

በዚያ ሌሊት ያልገባው ሁሉ ለአርባው ይቆይ። ለአርባ መጽሔት ካሰባችሁ በመሀል ተሰፍቶ የሚታጠፍ በመሆኑ ገጹ በ4 የሚካፈል ይሁን፦ 8፣ 12 ወይም 16። ከወዳጆች የሚመጣን አሮጌ ፎቶ አትውሰዱ፣ የተወሰደ ፎቶ ብዙ ጊዜ አይመለስም። እዚያው መስኮት አጠገብ ያለ ፍላሽ አንሡትና መልሱ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እነማን እንደሆኑ የፎቶው ባለቤት ሲነግራችሁም ወዲያው ጻፉ።