የአሮጌ ማሽን ስፒና ሲቃጠል
ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ የእንጨት ወይም የብየዳ ቤት ያላችሁ፣ ይቺን ልንገራችሁ። ስፒናው ስለተቃጠለ ብቻ ደህናውን ማሽን ለቆራሌ አትስጡ።

ሱቅ ሄዳችሁ «የስሪ ፌዝ ስፒና ስጠኝ» ብቻ አትበሉ፤ ስሪ ፌዝ ማለት ኃይል በሦስት መስመር (ፌዝ) የሚመጣበት ነው። እኔ እንደዚያ ብዬ ገዛሁ፤ ቤት ስደርስ አልገባ አለኝ። የገዛሁት ባለ 32 አምፔር፣ የግድግዳው ሶኬት ደግሞ ባለ 16። ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ፣ ግን አይገጥሙም። የተቃጠለውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጎኑን በጨርቅ ጠርጉት፤ ከሰጋቱራው ሥር አምፔሩና ቮልቱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ቀዩ ለ380 ቮልት ነው፣ ሰማያዊው ለ220። ከዚያ እግሩን ቁጠሩ። ባለ 4ቱ ሦስት ፌዝና የመሬት መስመር ነው፤ ባለ 5ቱ ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻ መስመር፣ ይጨምራል። ወፈር ያለችው እግር የመሬቷ ናት።

ዓይነቱ ከገበያ ከጠፋ አትድከሙ፤ ስፒናውንም ሶኬቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ፎቶ ከላካችሁ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌም ይፈለጋል፤ እግሩ የጠቆረ ከሆነ ግን እኔ በነጻም አልወስድ።

ስትገጥሙ መጀመሪያ መብራቱን ከዋናው አጥፉ። የመሬቷን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም አድርጉ፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የምትነቀለው እሷ ትሁን። ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ አትደንግጡ፤ እንደገና አጥፍታችሁ ከሦስቱ ፌዝ ሁለቱን አቀያይሩ።