ዘፋኝ የሌለበት ኮንሰርት ስትሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬ ላይ ኮንሰርት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ዘፋኝ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ባንዱ ከኋላ ያጅባል፣ ሕዝቡ አብሮ እየዘፈነ ይጨፍራል። የአሊ ቢራ አገር ሆኖ ሌላ ቢታሰብ ነበር የሚገርመው። አሁን አሁን ግን ጊታራቸውን ይዘው ያለ ዘፋኝ የሚጫወቱ ልጆች እየመጡ ነው። ሁለት ሦስት ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ወለሉ ላይ የተደረደሩ፣ በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡ ፔዳሎች። በቃ። አንዱ ሙዚቃ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዴም 20 ደቂቃ ይሄዳል።

ፖስት ሮክ ይሉታል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1994 ያስለመደው ሳይመን ሬይኖልድስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐያሲ ነው። የሮክ መሣሪያ ይዘው ከሮክ የተለየ ነገር የሚሠሩትን ለመግለጽ ነበር የተጠቀመበት። ከስኮትላንድ ግላስጎ ሞግዋይ፣ ከካናዳ ሞንትሪያል ጎድስፒድ ዩ ብላክ ኢምፐረር፣ ከቴክሳስ ኦስቲን ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ፣ ከቶኪዮ ሞኖ የዚህ ሙዚቃ ትልልቅ ስሞች ናቸው። እነሱ ነገ ድሬ ይመጣሉ ብዬ አላሞኛችሁም። ከነሱ የተማሩት ልጆች ግን ይመጣሉ። በቅርቡ ከዚራ አንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ምሽት ነበር። እዚያ ያየሁትን መነሻ አድርጌ ሰው የሚሳሳትባቸውን ነገሮች ላንሳ።

1. ዘፋኙን መጠበቅ

ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ሲደርሱ እንኳ “አቦ ዘፋኙ መቼ ነው የሚወጣው?” እያለ ይጠይቅ ነበር። አልፈርድበትም። እኛ አገር መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ አጃቢ ነው። ክራሩም ማሲንቆውም ግጥም ይዞ ነው የሚመጣው። መሣሪያ ብቻውን ሲሆን የምንሰማው የት ነው? ሬዲዮ ላይ ከማስታወቂያ ሥር፣ ሆቴል ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሐዘን መግለጫ ሲነበብ በዋሽንት። ጆሯችን “ይሄ ማጀቢያ ነው፣ ዋናው ገና ይመጣል” ማለትን ለምዷል።

እርግጥ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎኑ፣ ዋልያስ ባንድም በራሳቸው መንገድ ያለ ድምፃዊ መቆም እንደሚቻል ካሳዩን ቆይተዋል። እዚያ ግን ዜማው ፊት ለፊት ነው። ሳክስፎኑ ወይም ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ይዞ ይናገራል። ፖስት ሮክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሶሎ የሚጫወት ሰው እንኳ የለም። አንዲት አጭር ዜማ ትደጋገማለች፣ ለውጡ ያለው ከሥሯ ነው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ምረጡና ተከተሉ። ለጀማሪ ቤዙን እመክራለሁ። ጊታሮቹ ያንኑ እየደገሙ ቤዙ አንድ ኖታ ሲቀይር ስሜቱ እንዴት እንደሚዞር ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ ትዝ አይላችሁም።

2. መጀመሪያውን “እየሞከሩ ነው” ብሎ ማለፍ

ብዙ ሰው መጀመሪያዋን ደቂቃ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ይደበዝዛል፣ አንድ ጊታሪስት ጎንበስ ብሎ አንድ ክር ይነካል፣ ድምፁ ይመላለሳል፣ ሌላ ምንም የለም። ሕዝቡ ሳውንድ ቼክ ይመስለውና ቢራ ሊያዝ ይነሳል።

ልጁ ግን እየሠራ ነው። እግሩ ሥር ያለው ዲሌይ የሚባለው ፔዳል የሰማውን ድምፅ ይዞ ትንሽ ቆይቶ ይመልሰዋል። ሉፕ የሚባለው ደግሞ የተጫወተውን ቀድቶ ደጋግሞ ያሰማል። መጀመሪያ አንድ ሐረግ ይቀዳል፣ ሁለተኛውን በላዩ ይደርባል፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ከ5 ደቂቃ በኋላ ስድስት ጊታር የሚመስለው ነገር የተሠራው ቢራ ልታዙ በተነሳችሁበት ሰዓት ነው። እግሩን እዩት። ከእጁ ይልቅ ብዙውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

3. ጸጥ ሲል ማውራት

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ። የዚህ ሙዚቃ ጉልበት ያለው በዝግታውና በጩኸቱ መካከል ባለው ርቀት ነው። አንድ ጊታር ብቻውን ያንጎራጉራል። ድራመሩ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ቆይቶ ሲምባሉን በለስላሳው መምቻ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይገባሉ፣ ደረታችሁ ይንቀጠቀጣል። ሞግዋዮች ስማቸውን የተከሉት በዚህ ነው።

ተራ ወሬ ወደ 60 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ዝግ ያለው የጊታር ክፍልም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ሲያወራ ሙዚቃው ይሸፈናል። ሌላው ጠረጴዛ ደግሞ ለመሰማማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በመጨረሻ ግቢው እንደ አሸዋ ገበያ ይሆናል። ያኔ ባንዱ ሲፈነዳ ጆሯችሁ ቀድሞ ጫጫታ ስለለመደ ምንም አይመስላችሁም። “ምኑ ነው የሚገርመው?” ብላችሁ ትወጣላችሁ። እውነትም አያስገርምም፤ ከየት እንደተነሳ አልሰማችሁማ!

የድሬ ልጅ ጨዋታ ይወዳል፣ አውቃለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ ለኛ ቅጣት ነው። ጨዋታው ግን በሁለት ሙዚቃ መሀል ይድረስ። መሀሉ አጭር አይደለም፤ ጊታር ይቃኛሉ፣ ፔዳል ያስተካክላሉ፣ አብዛኞቹም ማይክ ላይ ወሬ አያበዙም።

የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም አለ። አለቀ ብሎ ማጨብጨብ። ሙዚቃው ዝም ሲል አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው ይከተላል፣ ባንዱ ይቀጥላል፣ ሁሉም ያፍራል። ምልክቱ ቀላል ነው። ጊታሪስቱ መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳርፎ ቀና ካለ አልቋል። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሆነ ገና ነው።

ሐረር ጁገል ውስጥ ዚክሪ በሚባለው የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ያውቀዋል። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ይከተላል፣ ጊዜ ወስዶ ይሞቃል፣ መሀሉ ላይ ማንም አይቸኩልም። አምልኮን ከመድረክ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ያ ሌላ ነው። ግን የሐረር ሰው “ይሄ ነገር ረዘመ” ሲል ስሰማ ይገርመኛል።

4. ጊታሪስቱን ግንባሩ ላይ መሸለም

ይሄን ያየሁት በዓይኔ ነው። ሙዚቃው ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ሦስቱም ጊታሮች እየጮኹ ነው። አንድ ሞቅ ያለው ጋሼ፣ በጣም የተደሰተ፣ ባለ 100 ብር ኖት አውጥቶ ምራቁን ነካ አድርጎ ወደ መድረኩ ወጣ። ሐሳቡ ቅን ነው። አዝማሪ ቤት ብትሄዱ፣ ሰርግ ብትሄዱ፣ ደስ ያለው ሰው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ችግሩ ጊታሪስቱ ሁለት እጁ ተይዟል፣ አንገቱን ደፍቷል፣ ጋሼ ደግሞ ግንባሩን ለማግኘት አንድ እርምጃ ቀረብ ማለት ነበረባቸው። ያቺ እርምጃ ያረፈችው ፔዳሎቹ ላይ ነው።

አንዱ ገመድ ተነቀለ። ከግራ በኩል “ዷ!” የሚል ድምፅ ወጣና ያ ጊታር ጠፋ። ልጁ ተንበርክኮ ገመዱን ሲፈልግ ብሩ ግንባሩ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ሕዝቡ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ሌሎቹ ግን ማቆም ስለማይችሉ ያንኑ ዜማ እየደጋገሙ ጠበቁት። አንድ ፔዳል የወራት ቁጠባ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ተለምኖ የሚገዛ ዕቃ ነው። ቢሰበር ማን ይተካዋል?

መሸለም የፈለገ ሙዚቃው እስኪያልቅ ይቆይና እጃቸው ላይ ይስጣቸው። ወይም አዘጋጆቹ በሩ አጠገብ አንድ ሳጥን ያስቀምጡ። ሽልማቱ ይቅር አላልኩም! እነዚህ ልጆች ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል።

5. ስፒከሩ ሥር መቆምና ጆሮን መርሳት

“ፊት ለፊት ካልቆምኩ አልሰማም” የሚል ሰው አለ። ስፒከሩ ሥር ስትቆሙ የምትሰሙት ያንን አንዱን ስፒከር ነው። ጥሩው ቦታ ከመሀል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ አጠገብ ነው። እሱ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ልክ ነው።

የጆሮው ነገር ቀልድ የለውም። ባለሙያዎች በስፋት የሚጠቀሙበት መለኪያ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። የሮክ ኮንሰርት 100 መድረሱ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ሶፍት ጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ መወተፍ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ፋርማሲ ወይም የግንባታ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ ጠይቁ። በጣታችሁ አሽታችሁ ታቀጥኑታላችሁ፣ በሌላው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ፣ እስኪነፋ ትንሽ ትይዙታላችሁ። ሙዚቃው አይጠፋም፤ እንዲያውም የሚያሳክከው ጩኸት ቀንሶ ዜማው ይለያል። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለልጁ የግድ ነው።

6. በስልክ መቅረጽ

አንድ ሁለት ፎቶ ይበቃል። ስልክ ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍተኛውን ዝቅ እያደረገ ሁሉንም እኩል ያደርገዋል። ነገ ስትከፍቱት ጭርርር የሚል ነገር ነው የምታገኙት። የስልኩ ብርሃን ደግሞ ከኋላ ላለው ሰው ይተርፋል፤ በተለይ እንደ ጎድስፒዶች በድንግዝግዝ ተጫውተው ከኋላቸው ፊልም የሚያሳዩ ከሆነ።

7. ከበርጫ ተነስቶ በቀጥታ መምጣት

እዚህ ላይ ብዙ ጠላት አፈራለሁ። ምርቃና ለሙዚቃ ጥሩ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፣ ሊሆን ይችላል። ግን ሰዓቱን አስሉት። ከምሳ በኋላ ጫት ላይ የተቀመጠ ሰው ማታ ኮንሰርቱ ሲጀምር ወይ ወሬው አላለቀለትም (ተራ ቁጥር 3ን ይመልከቱ)፣ ወይ ደብሮት ጥግ ይዟል። እራትም በደንብ አልበላም። ቢያንስ ፈጢራ ቢጤ ቀምሳችሁ፣ ውኃ ይዛችሁ ኑ። የድሬ ሙቀት ማታም አይምርም።

8. ለአዘጋጆች ብቻ

ሰዓቱን ከዒሻ ሰላት በኋላ አድርጉት። አዛን እየተሰማ ጊታር ማስጮህ ነውር ነው፤ ለሙዚቃውም አይበጅም። ለባጃጅ መንገድ ጀርባ የሰጠ ግቢ ፈልጉ። ጄኔሬተሩን ከመድረኩ ኋላ አታስቀምጡት። መብራት ሲጠፋ ያድናችኋል፣ ዝግ ባለው ክፍል ግን እሱ ስድስተኛው የባንዱ አባል ይሆናል።

ሙቀቱንም አስቡበት። ኤሲ ካለው መኪና ወይም ክፍል የወጣ ጊታር ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ድሬ አየር ውስጥ ሲገባ ክሩ ይለጠጥና ቅኝቱ ይወርዳል። ዕቃው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረኩ ላይ ይረፍ። አለበለዚያ ሕዝቡ የሚያየው ኮንሰርት ሳይሆን መቃኘት ነው።

9. ለሐረር ሰዎች፦ መመለሻውን ለማታ መተው

ከሐረር ድሬ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ ቀን ከሆነ ምንም አይደለም። እንዲህ ያለ ምሽት ግን በሰዓቱ አያልቅም፤ የመጨረሻው ሙዚቃ ብቻውን 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሚኒባስ እንዳያመልጠው የሚሰጋ ሰው ከመሀል ተነስቶ የሰው እግር እየረገጠ ይወጣል፣ የሚያመልጠውም ዋናው ክፍል ነው። ወይ ዘመድ ጋ እደሩ፣ ወይ ተሰባስባችሁ መኪና ቀድማችሁ ያዙና ዋጋውን ቀን ተነጋገሩ። ማታ ላይ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ ሹፌር የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው። ጃኬትም ያዙ፤ ድሬ በላብ የራሰ ሸሚዝ ሐረር ሲደርስ ያስነጥሳል።