የቢጂፒ ጎረቤት ሲወድቅ የሚሠሩ ስህተቶች

ቢጂፒ ራውተሮች የኔትወርክ መስመሮችን የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል ነው፤ ጎረቤት በሌላኛው ጫፍ ያለው ራውተር፣ ሴሽን ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የቢጂፒ ሴሽን ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ ኖቲፊኬሽን የሚባል መልእክት ሎግ ላይ ይቀራል። መልእክቱ ሁለት ቁጥር ይዟል፤ የመጀመሪያው የስህተቱን ዓይነት፣ ሁለተኛው ዝርዝሩን ይነግራል። ሁለቱን ሳያነቡ ሴሽኑን ክሊር ማድረግ (ቆርጦ እንደገና ማስጀመር) ያው ስህተት ተመልሶ እንዲመጣ መጠበቅ ነው።

ማን እንደላከው አለማየት። 2/2 ማለት የኤኤስ ቁጥር (ኔትወርኩ በቢጂፒ የሚታወቅበት መለያ) አልገጠመም ማለት ነው። መልእክቱን የላከው የእርስዎ ራውተር ከሆነ፣ ለጎረቤቱ የጻፉት ቁጥር እሱ ሴሽኑን በሚከፍተው በኦፕን መልእክቱ ካስተዋወቀው ይለያል። ከጎረቤት የመጣ ከሆነ ግን እሱ ስለ እርስዎ የጻፈውና የእርስዎ ኤኤስ አልተስማሙም፤ እዚህ ላይ የእሱን ቁጥር መቀያየር ምንም አይፈይድም።

4/0 (ከጎረቤት መልእክት የሚጠበቅበት ጊዜ፣ ሆልድ ታይም፣ ሞልቷል) ሲመጣ ሆልድ ታይመሩን ማርዘም። በጣም የተለመደውና ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ሲስኮ በነባሪ 180 ሰከንድ፣ ጁኒፐር 90 ይጠቀማሉ፤ ልዩነቱ ስህተት አይደለም፣ ሁለቱ በትንሹ ይስማማሉ። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ባለበት በኩል ብቻ ማርዘም ለውጥ አያመጣም። ሴሽኑ ተነስቶ ሆልድ ታይሙ ሲሞላ የሚወድቅ፣ ይህም የሚደጋገም ከሆነ ኤምቲዩን (መንገዱ የሚያሳልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ይጠርጥሩ። ኪፕአላይቭ («አለሁ» የሚለው መልእክት) 19 ባይት ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ያልፋል፤ ብዙ መስመሮችን የያዘው ትልቅ ፓኬት ግን መንገድ ላይ ይቀራል። የቢጂፒን መልእክቶች የሚያጓጉዘው ቲሲፒ ደግሞ ቅደም ተከተል ስለሚጠብቅ ከኋላው የተላኩት ኪፕአላይቮች ለቢጂፒ አይደርሱም። ሴሽኑ ከሚነሳበት አድራሻ፣ እንዳይቆራረጥ አድርገው በ1500 ባይት ፒንግ ያድርጉ። ካላለፈ እስኪያልፍ ድረስ መጠኑን ይቀንሱ፤ ከዚያ በመንገዱ ላይ ያለውን ኤምቲዩ ያስተካክሉ።

የይለፍ ቃል ሲለያይ ኖቲፊኬሽን መጠበቅ። አይመጣም። የኤምዲ5 ቁልፉ (የይለፍ ቃሉ) ካልገጠመ ፓኬቱ ቢጂፒ ጋ ሳይደርስ ቲሲፒ ላይ ይጣላል። ሴሽኑም አክቲቭ ላይ ይቆማል፤ አክቲቭ ማለት ግንኙነት ለመክፈት እየሞከረ ነው እንጂ እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ቁልፉ ትክክል ከሆነ ፋየርዎል ላይ የቢጂፒን ፖርት 179ን፣ ጎረቤቱ በቀጥታ ያልተገናኘ የውጭ ኤኤስ ከሆነም ቲቲኤልን (ፓኬቱ ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚወስነውን ቁጥር) ይመልከቱ፤ ነባሪው 1 ነው።

6/2 ሲያዩ ኬብል መፈተሽ። አንድ ሰው አውቆ ዘግቶታል፤ ይደውሉ።

6/1 ሲመጣ ወዲያው የፕሪፊክስ ጣሪያውን (ከጎረቤቱ የሚቀበሉትን የመስመር ብዛት ገደብ) ከፍ ማድረግ። ጎረቤቱ ከተፈቀደለት በላይ መስመር ልኳል። 50 ይልክ የነበረ ደንበኛ በድንገት ሺዎችን ከላከ፣ ከሌላ አቅራቢ የተቀበለውን ወደ እርስዎ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ጣሪያው የተቀመጠው ለዚሁ ነው፤ ጎረቤቱ ማጣሪያውን ሳያስተካክል ሴሽኑን አይክፈቱ።