ትልልቅ የቪዲዮ ፋይል ኤዲት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ለምን ይንቀራፈፋል? ችግሩና መፍትሄው

ሰርግ በሦስት ካሜራ በ4ኬ (በጣም ከፍተኛ በሆነ የምስል ጥራት) ተቀርጾ መጣ እንበል። ፋይሎቹን ፕሪሚየር ፕሮ ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባሉት የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ላይ አስገብታችሁ ፕሌይ ስትሉ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ጭራሽ ሃንግ ያደርጋል። ብዙ ኤዲተር እዚህ ሲደርስ «ማሽኑ አቅም የለውም» ብሎ አዲስ ኮምፒውተር ስለመግዛት ማሰብ ይጀምራል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን የቱ ክፍል እንደተጨናነቀ እዩ። ብዙውን ጊዜ ጣጣው ያለው የፋይሉ ዓይነት ወይም ፋይሉ የተቀመጠበት ዲስክ ላይ ነው፤ ሁለቱንም ባላችሁ ማሽን ማስተካከል ይቻላል።

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ግቡና ታይምላይኑን (ክሊፖቹ የተደረደሩበትን መስመር) እያጫወታችሁ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን)፣ ዲስኩንና ግራፊክስ ካርዱን ተመልከቱ። ማክ ላይ ለዚህ አክቲቪቲ ሞኒተር አለ። መቶ በመቶ ወይም እዚያው አካባቢ ተሰቅሎ የቀረው ክፍል ወደ መንስኤው ይመራችኋል።

አንድ ክሊፕ ብቻውን እንኳ ይቆራረጣል፣ ዲስኩ ግን ሥራ ፈትቷል

ምንም ኢፌክት ያልተደረገበት አንድ ክሊፕ እየተንቀራፈፈ ፕሮሰሰሩ ጣሪያ ከነካ መንስኤው ኮዴኩ፣ ማለትም ቪዲዮው የተጨመቀበት ዘዴ ነው። አብዛኞቹ ስልኮችና ካሜራዎች የሚቀርጹት በኤች 264 ወይም በኤች 265 ነው። እነዚህ ቦታ የሚቆጥቡት እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተገነባበትን አንድ አንድ ምስል) ሙሉውን ባለማስቀመጥ ነው፤ አንዱን ሙሉ ያስቀምጡና በቀጣዮቹ ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ችግር የለውም። ኤዲተር ግን መሀል ላይ ይቆርጣል፣ ወደኋላ ይመልሳል፣ ከቦታ ቦታ ይዘላል። በዘለለ ቁጥር ኮምፒውተሩ አንዷን ፍሬም ለማሳየት በዙሪያዋ ያሉትን ጭምር መፍታት አለበት። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ሥራው ይቀላል ማለት አይደለም፤ ይበልጥ የተጨመቀው ይበልጥ ይከብዳል።

ጠንካራ የጌም ላፕቶፕ ገዝተውም ይህ ችግር የሚያጋጥማቸው አሉ። ካሜራው በኤች 265፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዘው ዓይነት) ከቀረጸ፣ ከአርቲኤክስ 50 ተከታታይ በፊት የወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን ዓይነት ፋይል በሃርድዌር (ለዚሁ በተሠራ ክፍላቸው) አይፈቱትም፤ ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት፣ የራሳቸው ግራፊክስ ያላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና ከኤም 1 ወዲህ ያሉት የአፕል ማሽኖች ግን ይፈቱታል። አንድ ተራ ላፕቶፕ ውዱን የሚያስከነዳው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው ፕሮክሲ ነው። ከእያንዳንዱ ክሊፕ ቀለል ያለ ቅጂ ተሠርቶ ኤዲቱ በእሱ ላይ ይካሄዳል፤ ኤክስፖርት ሲደረግ (ያለቀው ቪዲዮ ሲወጣ) ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ፕሪሚየር ላይ ክሊፖቹን መርጣችሁ በቀኝ ክሊክ ፕሮክሲ፣ ከዚያ ክሪኤት ፕሮክሲስ በሉ። ሪዞልቭ ላይ ሚዲያ ፑል ውስጥ በቀኝ ክሊክ ጄኔሬት ፕሮክሲ ሚዲያ የሚል ታገኛላችሁ። ፎርማቱን ፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ አድርጉት፤ ሁለቱም እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚያስቀምጡ መዝለልና መቁረጥ አይከብዳቸውም። ፕሮክሲውን በኤች 264 መሥራትም ይቻላል፣ ግን ሊሸሹት ወደፈለጉት ችግር በከፊል መመለስ ነውና ቦታ ካላጠራችሁ በቀር አልመክረውም። በ1080 ጥራትና በሴኮንድ 25 ፍሬም ፕሮሬስ ፕሮክሲ ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 17 ጊጋባይት ይወስዳል። ፕሮክሲ መሥራቱ ራሱ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ።

አደራ፣ ፕሮክሲው ተሠራ ብላችሁ ዋናውን ፋይል እንዳታጠፉ። ሰርግ ሁለተኛ አይቀረጽም። ከኤክስፖርት በፊትም ዩዝ ፕሮክሲስ የሚለው ምርጫ አለመመረጡን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ለሙሽሮቹ የምታስረክቡት የደበዘዘውን ቅጂ ነው።

አንድ ካሜራ ሲሆን ደህና ነው፣ ሦስቱ ሲደረደሩ ይቆማል

ፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ዲስኩ መቶ በመቶ ከሆነ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሴኮንድ 12.5 ሜጋባይት ያወጣል፣ በሰዓት 45 ጊጋባይት ማለት ነው። ሦስት ካሜራ በመልቲካም (የሁሉም ካሜራ ምስል ጎን ለጎን በሚታይበት መንገድ) አንድ ላይ ሲጫወት በሴኮንድ 37.5 ሜጋባይት ያለማቋረጥ መነበብ አለበት። ዩኤስቢ 2.0 በተግባር የሚያስተላልፈው 40 ሜጋባይት እንኳ የማይሞላ ስለሆነ ጫፍ ላይ ናችሁ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ሦስት ፋይል በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ግን ማንበቢያው ወዲያ ወዲህ ስለሚመላለስ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል።

በመጀመሪያ ገመዱንና መሰኪያውን እዩ። ዩኤስቢ 3.0 የሆነ ዲስክ በአሮጌ መሰኪያ ወይም በስልክ ቻርጀር ገመድ ተሰክቶ ሰው ለቀናት ሲሰቃይ ይታያል። ከሜሞሪ ካርዱ ላይ በቀጥታ ኤዲት አታድርጉ። እየሠራችሁበት ያለውን ፕሮጀክት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ላይ አድርጉ፤ ሃርድ ዲስኩ ያለቀ ሥራ ማስቀመጫ ይሁን። የፕሮግራሙን ካሽ ፎልደርም (ጊዜያዊ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበትን) ወደ ኤስኤስዲ አዛውሩ፣ የድሮውን ካሽ አጽዱ። ኤስኤስዲ አፉ ድረስ ሲሞላ ስለሚዘገይ የተወሰነ ቦታ ክፍት ተዉለት።

ሲጀምር ደህና ነበር፣ ቆይቶ ተዳከመ

ራሙ ከሞላ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ ብሮውዘሩን ዝጉ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ራሙ ካልሞላ ሙቀትን ጠርጥሩ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፑን አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አታስቀምጡ፣ ፋኑ አቧራ ከያዘ አስጠርጉት። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስትሠሩም ብዙ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩንና ግራፊክሱን ያዳክማሉ፤ ያን ሰዓት ለቆረጣና ለድምፅ አውሉት፣ ከለር የማስተካከሉ ሥራ መብራት ሲመጣ ይደርሳል።

የሚቆራረጠው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው

እዚያ ቦታ ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (የምስል ነጠብጣብ ማጥሪያ)፣ ስታቢላይዘር (የካሜራ መንቀጥቀጥ ማስተካከያ) ወይም ብዙ የከለር ኢፌክት አለ ማለት ነው። ፕሪሚየር ላይ መጀመሪያውንና መጨረሻውን በ I እና በ O ቁልፎች ምልክት አድርጉና ኤንተር ተጫኑ፤ ከላይ ያለው ቀይ መስመር አረንጓዴ ሲሆን ያለችግር ይጫወታል። ሪዞልቭ ላይ ሬንደር ካሽን (ከባዱን ቦታ ቀድሞ ሠርቶ የሚያስቀምጠውን) ስማርት አድርጉት። ከባዱን ኢፌክት ከቆረጣው በኋላ መጨመር ግን ከሁሉም ይሻላል።

በስልክ የተቀረጸው ክሊፕ ብቻ ድምፁና ምስሉ ከተለያየ ጉዳዩ የፍጥነት አይደለም። ስልኩ የፍሬም ብዛቱን እየለዋወጠ ነው የቀረጸው፤ ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት (ወደማይለዋወጥ የፍሬም ብዛት) ቀይራችሁ አስገቡት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተሻለ መግዛት ተገቢ ነው። በ8 ጊጋባይት ራም የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ራሙን ቢያንስ 16፣ ከተቻለ 32 አድርሱት፤ ቀጥሎ ኤስኤስዲ። ኮምፒውተሩን መቀየር ሦስተኛ ላይ ይምጣ፤ ያኔም የካሜራችሁን አንድ ክሊፕ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ማሽኑ ላይ አጫውቱት።