ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ማድረግ

ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ጉልበቱ የከዳው ቢመስለውም ችግሩ የሚጀምረው ከጡንቻው ሳይሆን ከአንጎሉ ነው። እንቅስቃሴን ለማዘዝ የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ለጡንቻ የሚደርሰው ትእዛዝ ስለሚደክም፣ እርምጃ ያጥራል፣ ሰውነት ይገተራል፣ ከወንበር ለመነሳት የሚያስፈልገው ፈጣን ኃይልም ይቀንሳል። ታማሚው ወድቆ እንዳይጎዳ በሚል ስጋት ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ግን ጡንቻው በእርግጥም ይሰልላል። ቤተሰብ በፍቅር «ዕረፍ፣ አትድከም» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጀመር በፊት ሐኪም ማማከርና የደም ግፊትን ተኝቶም ቆሞም መለካት ያስፈልጋል፤ ሕመሙም መድኃኒቱም ሰው ብድግ ሲል ግፊቱን ሊያወርዱት ይችላሉና።

የእንቅስቃሴው ሰዓት መመረጥ ያለበት ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ በደንብ በሚሠራበት ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ለብዙዎች መድኃኒቱ ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻማው፣ ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መውሰድ ይመረጣል። በጾም ወራትም ይህ አይቀርም፤ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን አላቸው።

በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ወይም የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት ጥሩ መነሻ ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ታማሚዎች የልብ ምት ከድካሙ ጋር እኩል ስለማይጨምር፣ ምትን ከመቁጠር ይልቅ ትንፋሽን መከታተል ይሻላል፦ መነጋገር እየቻለ መዝፈን ካቃተው መጠኑ ተስማሚ ነው።

ለጡንቻ ጥንካሬ ከሁሉ የምመርጠው፣ ግድግዳ ከተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ቀስ ብሎ መቀመጥንና ፈጠን ብሎ መነሳትን ነው፤ ይህም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ቀን እያሳረፉ ይሠራል። ሕመሙ እንቅስቃሴን ሳይታወቅ ስለሚያሳንሰው፣ ታማሚው ክንዱን ከልማዱ አስፍቶ እንዲዘረጋ፣ እርምጃውንም ሆን ብሎ እንዲያስረዝም ደጋግሞ ማሳሰብ ይገባል።

በጉዞ መካከል እግሩ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ሆኖ ቢቆም፣ አጠገቡ ያለው ሰው እጁን መጎተት የለበትም፤ ሊጥለው ይችላል። ታማሚው ራሱ ቆም ብሎ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር፣ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ይቁጠር፣ ከዚያም ከፊቱ መስመር እንዳለ አስቦ ይሻገር። የደረት ሕመም ወይም ራስ ማዞር ከተሰማው ግን ወዲያውኑ ያቁምና ይቀመጥ፤ የደረት ሕመሙ ካልለቀቀው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ።