በዘወረደ ተጀምሮ ምኵራብ ላይ የሚቋረጥ ጸሎት

ባሕር ዳር ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ወጣቶችን ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር፣ በመጀመሪያው ሳምንት በዘወረደ፣ አንድ ዓይነት ልጅ አይጠፋም። የዘንድሮው የባጃጅ ሹፌር ነው። በጀልባ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሲሳለም፣ አንድ አባት ሲሰግዱ አይቶ ልቡ ተነካ። «ከሰኞ ጀምሮ ሰባቱንም የጸሎት ሰዓት እይዛለሁ፤ በየቀኑ ዳዊቱን ሙሉ እደግማለሁ፤ መቶ እሰግዳለሁ» አለኝ። ተው አልኩት፤ አልሰማኝም።

ኧረ በእመ ብርሃን! እኚያ አባት እኮ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተው እስከ ማታ 3 ሰዓት ተሳፋሪ ሲያመላልሱ አይውሉም። የያዙት ሥርዓት የገዳም ነው፤ ደወል የሚቀሰቅሳቸው፣ የገዳሙ አለቃ አበምኔት የሚቆጣቸው፣ ሲደክሙ ወንድሞች የሚደግፏቸው። አንተን ማን ይቀሰቅስሃል? የስልክህ አላርም? ዳዊቱም ቢሆን ለሳምንት ነው የተከፈለው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። 150ውን በየቀኑ ድገም ብሎ ያዘዘህ የለም።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ምኵራብ ላይ፣ ልጁን መናኸሪያው አካባቢ አገኘሁት። ዳዊቱ ከመሪው ሥር፣ ከጨርቅና ከመፍቻ ጋር ተወሽቋል። «እንዴት ነው?» ስለው አንገቱን ደፋ። የተወው መቶውን ስግደት ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ፤ አቡነ ዘበሰማያትንም አብሮ ትቶታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የንስሐ አባትህ ጋ ሂድ። ሥራህንም የምትተኛበትንም ሰዓት ሳትደብቅ ንገራቸው። የሰጡህ ትንሽ ቢመስልህ «ይቺ ብቻ?» አትበል።

በግእዝ እያንበለበሉ መጨረስን ደግሞ እኔው ነኝ የማውቀው። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዓይኔ ሰዓት ላይ፣ ውዳሴ ማርያሙን «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብዬ ስጋልብ ልጄ «አባዬ፣ ያግዕዞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ዓመታት የደገምኩት ነው፤ አፌ ተያዘ። ነጻ ያወጣው ዘንድ ማለት መሆኑን ያን ዕለት ማታ ከአንድምታ ትርጓሜው ፈልጌ ነገርኳት። አማርኛው ከግእዙ ጎን ታትሟል፤ አንብቡት።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትህ ተወው፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የሰው ሳህን መቁጠር ከዓሣው ይብሳል።

ቁርስና ምሳ ያልበላህበት ብር ማታ ድርብ በያይነቱ ከሆነ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡት ነዳያን ከጾምህ ምን አገኙ?

ስትጸልይ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠው። ዝርዝር አያስፈልገውም።

ይህን የምጽፈው በበዓለ ሃምሳ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም አሁን ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ይፈሰካል፤ ስግደትም የለም። ጸሎት ግን ማን አነሣው? በ55ቱ ቀን ጾም የተለማመዱትን ከዶሮው ጋር አብረው የሚጨርሱ ስንቱን አይቻለሁ።

ያ ልጅ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ የንስሐ አባቴን አነጋገርኳቸው» አለ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ። «ጠዋት ሞተር ከማስነሣቴ በፊት አቡነ ዘበሰማያትና አንድ መዝሙር። በቃ፣ ሌላ የለም።»

«ስንት ቀን ሆነህ?»

«አሥራ አንድ።»