የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና፤ ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ

የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋ የልብ በር) በቀዶ ሕክምና እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር ከተወሰነ በኋላ የታካሚውም የቤተሰቡም ሐሳብ ሁሉ ደረት በሚከፈትበት ዕለት ላይ ያርፋል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያ ዕለት የሐኪሞቹ ነው፤ ታካሚው በሰመመን ተኝቶ ሳለ ከእርሱ የሚጠበቅ ነገር የለም። የእርሱ ድርሻ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታትና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ላይ ነው። የቫልቩ ዓይነት፣ የደም ማቅጠኛው ክትትል የሚደረግበት ቦታና ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ሰው፣ ብዙዎች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ እንዲያስቡባቸው የሚያቆዩአቸው ጉዳዮች ናቸው፤ እነዚህ ግን ከመግባት በፊት ተቆርጠው ማለቅ አለባቸው። የሚያክምዎ ሐኪም እዚህ ከተጻፈው የተለየ ትእዛዝ ከሰጠ የሐኪሙን ይከተሉ፤ የእርስዎን ልብ መርምሮ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

በአገራችን በወጣትነታቸው የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል እጅግ ብዙዎቹ ለዚህ የበቁት በልጅነታቸው በያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ምክንያት ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቶንሲልን ሲያጠቃና በወቅቱ በፔኒሲሊን ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያስነሣው መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎችና የልብ ቫልቮች ይጎዳል፤ ይህም ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል ያለው ሚትራል ቫልቭ ሲሆን ይጠብባል፣ ወይም በደንብ አይገጥምም፣ አንዳንዴም ሁለቱም ይሆናል። ይህን ማወቅ ለዝግጅቱ ሁለት ነገር ያስገነዝባል። አንደኛው፣ ታካሚው ወጣት ስለሆነ አዲሱ ቫልቭ ለአሥርተ ዓመታት ሊያገለግለው ይገባል። ሁለተኛው፣ ቀዶ ሕክምናው የተጎዳውን ቫልቭ ያስተካክላል እንጂ የሕመሙን መነሻ ስለማያጠፋ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወሰደው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል። «አሁን ድኛለሁ» ብሎ መርፌውን ማቋረጥ ቀሪዎቹን ቫልቮች ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለ ቫልቩ ምርጫ

ከሐኪምዎ ጋር ረጅም ሰዓት ወስደው ሊነጋገሩበት የሚገባው ይህ ነው። ቫልቩ ሊጠገን የሚችል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጠገኑ ይመረጣል፤ በሩማቲክ ሕመም የጠነከረና የተጣበቀ ቫልቭ ግን ሁልጊዜ ለጥገና አይመችም። መቀየር ግድ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው። ታካሚዎች የብረት ቫልቭ የሚሉት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሆኖም ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ መውሰድን ይጠይቃል። ከበሬ ወይም ከአሳማ የሚዘጋጀው ቫልቭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ዋርፋሪን ለማቆም ያስችላል፤ ነገር ግን በወጣቶች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ማስፈለጉ አይቀርም። በሃይማኖትዎ ምክንያት የአሳማው ነገር የሚያሳስብዎ ከሆነ ሳያፍሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከበሬ የሚዘጋጀውም አለና።

ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን ሐሳቧን ከምርጫው በፊት በግልጽ መናገር አለባት፤ እናት ወይም ባል በእርሷ ፈንታ እንዲናገሩላት መተው የለባትም። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ በጽንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል፤ በሌላ በኩል ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላት ሴት በራሷ ፈቃድ መድኃኒቱን ብታቆም ቫልቩ በረጋ ደም ሊዘጋና ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እርግዝናው ታቅዶ፣ የልብና የማሕፀን ሐኪሞች ተነጋግረውበት ሊሆን ይገባል፤ እስከዚያው አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋል። የወር አበባ ከቀረ ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር ግድ ነው። ዋርፋሪን እየወሰዱ ጡት ማጥባት ግን ይቻላል።

ምርጫው የመኖሪያ ቦታ ጉዳይም ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ አይ ኤን አር በተባለው ምርመራ በየጊዜው መለካት አለበት፤ መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ቀናቱ፣ ከተረጋጋ በኋላ ቢያንስ በወር አንዴ ገደማ። ሰው ሠራሹ ቫልቭ በአኦርታ (ደም ከልብ በሚወጣበት ትልቁ የደም ሥር መነሻ) ቦታ ከሆነ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3፣ በሚትራል ቦታ ከሆነ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ከዋርፋሪን በኋላ የመጡትና ይህን ምርመራ የማይጠይቁት አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች ለሰው ሠራሽ ቫልቭ አይሆኑም። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ከመግባትዎ በፊት በሚኖሩበት ከተማ ወይም በቅርብ ባለው ከተማ አይ ኤን አር የሚሠራ ላቦራቶሪ መኖሩን፣ ዋጋውን፣ መሣሪያው በሚበላሽበት ጊዜ ወዴት እንደሚኬድ ሄደው ይጠይቁ። ገጠር የሚኖር ታካሚ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከተማ ካለ ዘመድ ቤት ቢያሳልፍ ይሻላል፤ ይህንንም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

የመጠበቂያው ጊዜ

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እንደሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ባሉ ቦታዎች ወረፋው ረጅም ነው። ወረፋው የሚያስጨንቅ ቢሆንም ጊዜውን መጠቀም ይቻላል። ከሁሉ በፊት ጥርስዎን ይመርመሩ፤ የተበሳሳ ጥርስና የተመረዘ ድድ ባክቴሪያን ወደ ደም ያስገባል፣ ባክቴሪያውም አዲሱ ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላል። መነቀል ወይም መሞላት ያለበት ጥርስ ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ ተነቅሎና ተሞልቶ ቁስሉ ሊድን ይገባል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ዛሬውኑ ያቁም፤ ጫትም የልብ ምትን ስለሚያፈጥንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ሊቀር ይገባዋል። የደም ማነስ ካለ አስቀድሞ ይታከም። ደም የሚለግሱ ጤነኛ ዘመዶችና ጓደኞችም በጊዜ ይዘጋጁ።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነመያዣቸው ይዘው ይሂዱ፤ የባህል መድኃኒት ካለም አይደብቁ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን በፊት እንዲቆም ይደረጋል፤ መቼ እንደሚቆምና በምን እንደሚተካ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው። ጸበል የሚጠመቁና የሚጠጡ ታካሚዎችን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ጸበል ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ግን የደከመን ልብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለከፍተኛ ችግር ይዳርጋል። ፈሳሽ እንዲቀንስ የታዘዘ ሰው የሚጠጣው ጸበልም ከፈሳሹ ልክ ውስጥ እንደሚቆጠር ይወቅ። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ደግሞ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ጸበል ውስጥ መነከር ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በዋዜማው ገላዎን በታዘዘልዎ ሳሙና ይታጠቡ፤ የደረት ፀጉርዎን ቤት ውስጥ በምላጭ አይላጩ፤ ትናንሽ ቁስሎች ባክቴሪያ ያስገባሉና። የጥፍር ቀለም ይነሣ፣ ቀለበትና ሐብል ከቤተሰብ ዘንድ ይቆይ። ማተብዎን ማውለቅ ከከበደዎ ለነርሷ ይንገሩ፤ የአንገት አካባቢ ቱቦ የሚገባበት ስለሆነ በዚያ እንዲቆይ ላይፈቀድ ይችላል። ጠጣር ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት አይበላም፤ ውሃ መቼ እንደሚቆም ሆስፒታሉ ይነግርዎታል።

ሲነቁ የሚያገኙት

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ሲነቁ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነዎት፤ በአፍዎ የመተንፈሻ ቱቦ ስላለ መናገር አይችሉም፣ ከደረትዎም ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች አሉ። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እምብዛም አይደናገጥም፤ ለሕፃን ታካሚም በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ቱቦው እንደወጣ ዋናው ሥራ በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ነው። ያማል፤ ሆኖም አክታ ሳንባ ውስጥ ከቀረ የሳንባ ምች ያስከትላል። ትራስ ደረትዎ ላይ አጥብቀው አቅፈው ያስሉ፤ የሕመም ማስታገሻም ሳያሳልፉ ይጠይቁ፤ ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ትንፋሽን ያሳጥራል።

ቤት ከገቡ በኋላ

በመካከል የተከፈለው የደረት አጥንት በሽቦ ታስሮ እንደተሰበረ እጅ ይጠገናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፣ ፍጹም እስኪጠነክር 3 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከ5 ኪሎ በላይ አይነሣም፤ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ልኩ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ልጅ ማቀፍ፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ሊጥ ማቡካት፣ መውቀጥ፣ እንጨት መፍለጥና ከባድ በር መሳብ ለሌላ ሰው ይተው። ይህ በተለይ ለቤት እመቤት ከባድ ነው፤ እርሷ ደህና መስላ ስትታይ ቤቱ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ይመልሳታልና። ስለዚህ ለ3 ወር እንጀራውን የሚጋግር፣ ውሃውን የሚቀዳ ሰው ማን እንደሆነ በስም ተለይቶ ይታወቅ። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ በጎን ዞረው እግርዎን ያውርዱ እንጂ በእጅዎ ተደግፈው አይሳቡ። መኪና መንዳት ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይቆይ።

መተኛት ብቻውን አያድንም። በቀን ብዙ ጊዜ ለ5 ደቂቃ በመራመድ ይጀምሩና በየቀኑ ጥቂት ይጨምሩ፤ እየተራመዱ መነጋገር ካቃተዎ ፍጥነቱ በዝቷል። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑና ይጻፉት፤ በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ውሃ እየተጠራቀመ መሆኑን ሊያሳይ ስለሚችል ለሐኪም ይነገር። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡ ላይ የሚጨመረውን መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ የታካሚው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ጠያቂ መብዛቱ የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታካሚው እንቅልፍና ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል። ጠያቂን አጭር እንዲቀመጥ፣ ጉንፋን የያዘውንም ሌላ ጊዜ እንዲመጣ የሚነግር አንድ ታላቅ ሰው ቤተሰቡ ቢመድብ ታካሚው ራሱ ከመሳቀቅ ይድናል። ማልቀስ፣ ሆድ መባስ፣ ሌሊት መባነን ብዙ ሰዎች ላይ ይታያል፤ ከሳምንታት በኋላ ካልቀለለ ለሐኪም መናገር ይገባል።

ዋርፋሪንና ኑሮ

ዋርፋሪን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ይወሰዳል። ረስተው በዚያው ዕለት ካስታወሱ ይውሰዱት፤ ቀኑ ካለፈ በማግስቱ እጥፍ አይውሰዱ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። መፍትሔው እነርሱን መተው ሳይሆን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አለማለዋወጥ ነው። እዚህ ላይ ጾም ትልቅ ቦታ አለው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ጎመን በየቀኑ ሲበላ ቆይቶ ለፋሲካ በድንገት ወደ ሥጋ ሲዞር የደሙ ቅጥነት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ጾም ከገባ ከሳምንት በኋላና ከተፈታ በኋላ አይ ኤን አር መለካት ብልህነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰውነት መጠገኛ ፕሮቲን ስለሚያስፈልግ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ በእስልምናም ለሕመምተኛ የተሰጠ ፈቃድ አለ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባሉ።

ከምግብ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ነው። ለአሜባ ተብሎ የሚወሰደው ሜትሮኒዳዞል ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥናል፤ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞልም እንዲሁ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የዋርፋሪንን ኃይል ያዳክማል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራ ደም መፍሰስን ያስከትላሉ፤ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋዎትም ሰው ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ይወቅ፤ አይ ኤን አሩ በልኩ መሆኑ ይታይ፣ ቦታውም ለረጅም ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ። ዋግምት፣ ንቅሳትና እንጥል ማስቆረጥ ፈጽሞ አይሞከሩ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ደግሞ የቫልቭ ኢንፌክሽን መከላከያ አንቲባዮቲክ መወሰድ አለበት።

በውጭ አገር፣ ለምሳሌ በእስራኤል ሆሎን ከተማ ወልፍሰን ሆስፒታል፣ የታከሙ ልጆች ወላጆች የቫልቩን ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ካርድ፣ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤቱንና የመድኃኒቱን ዝርዝር በአገር ቤት ያለ ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ ይዘው ይመለሱ።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም የደረት አጥንት መንቀጫቀጭ፣ ጋደም ሲሉ የሚባባስ የትንፋሽ ማጠር፣ እየጨመረ የሚሄድ ድካም፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል፣ ጥቁር ሰገራ፣ ጭንቅላት መመታት፣ የለመዱት የቫልቩ ቀጭ ቀጭ ድምፅ መጥፋት። በዚያ እንደደረሱ ተራ ሳይጠብቁ፣ ለመጀመሪያው ነርስ ወይም ሐኪም «ቫልቭ ተቀይሮልኛል፣ ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ብለው ካርድዎን ያሳዩ፤ አስታማሚውም ይህንኑ ቃል አጥንቶ ይያዝ።